የጓድ ጉልላት ኦፔል

ታምሩን የሚያስታውሱ ሰዎች ሁሉ «የዋህ ነበር» ይላሉ። ይሄ አነጋገር ያናድደኛል። ሰው የዋህ የሚባለው ከተጎዳ በኋላ ነው፤ ነገሩ ቢሳካለት ኖሮ እነዚያው ሰዎች ብልህ ይሉት ነበር። ታምሩ ሞኝ አልነበረም። የመኪና ሆድ ዕቃ እንደ እሱ የሚገባው ሰው በሀዋሳ አላየሁም። የጎዳው አንድ ነገር ነው፤ እሱ ቃል ከሰጠ ስለሚፈጽም፣ ሌላውም ሰው እንደዚያው የሚያደርግ ይመስለው ነበር።

እኔ ብርሃነሽ እባላለሁ። ባለቤቴ ሲሞት የመኪና መለዋወጫ ሱቁን ትቶልኝ ሄደ፤ ከሰባት ቤት ጉራጌ መጥቶ በገዛ እጁ ያቆመው ሱቅ ነው። የኔን ሱቅና የታምሩን ጋራዥ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነበር። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ዋርካ ጥላ ሥር የተቆፈረ ጉድጓድና ዕቃ የሚቆለፍበት አንድ ክፍል ነው። ዕቃ ከውጭ መግባት ካቆመ ቆይቶ ስለነበር እኔ የምሸጠው አብዛኛው ከሞተ መኪና ላይ የተፈታ ነው። ስለዚህ ታምሩ አንድ ነገር ሲቸግረው አብረን ነው የምንፈልገው፤ በዚህ ምክንያት ሳልወድ በግዴ ግማሽ መካኒክ ሆኛለሁ።

ሚስቱ ታቢታ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሁለቱም ጴንጤ ናቸው። እኔ የማርያም ልጅ ስለሆንኩ መቀለድ አላቆምም ነበር፤ እናንተ መዝሙር ስትጀምሩ እግዚአብሔር ጆሮውን የሚይዝ ይመስለኛል እላታለሁ፤ እሷም እየሳቀች ቀሚሴን በነጻ ታሳጥርልኛለች። በዚያ ዓመት ግን ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ ስለነበር ቀልዱ ቀረ። በየሰዉ ቤት፣ መስኮት ዘግተው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው ይዘምሩ ጀመር።

አንድ እሁድ ታቦር አካባቢ አንድ ቤት ተሰብስበው እያለ አብዮት ጠባቂዎች ከበቧቸው። ታምሩ መንገድ ላይ የቆመ አንድ የጭነት መኪና ሊጠግን ሄዶ ስለነበር አልተያዘም። ታቢታን ከሌሎቹ ጋር ወስደው ቀበሌው እስር ቤት ባደረገው የተወረሰ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቧቸው። የተጠየቁት ቀላል ነገር ነው። ግራ እጃችሁን አንሡ፣ መፈክሩን በሉ፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ተባሉ። ብዙዎቹ ቆይተው አነሡ። እኔ አልፈርድባቸውም፤ እኔ ራሴ በየስብሰባው እጄ እስኪዝል ድረስ አንሥቻለሁ። ታቢታ ግን እምቢ አለች።

ስንቅ የምናመላልሰው ከታምሩ ጋር ነበር። ምግቡን ይቀበሉናል፣ ሰው አያሳዩንም። አንድ ቀን ግን ዘበኛው ለሞተር ብስክሌቱ ካንዴላ ቸግሮት ሱቄ ሲመጣ ሰጥቼው ነበርና፣ በዚያ ውለታ ገብቼ በመጋዘኑ ፍርግርግ በኩል አናገርኳት። ከስታለች። እንደ ታላቅ እህት ተቆጣኋት፤ እጅሽን አንሥተሽ ውጪ፣ ልብሽን ማን ያየዋል አልኳት።

«እኔ አየዋለሁ፣ እትዬ ብርሃነሽ» አለችኝ።

ተመልሼ ለታምሩ ስነግረው ራሱን ብቻ ነቀነቀ። እንደማታነሣ ያውቅ ነበር። እንግዲህ እሷን ከዚያ መጋዘን የሚያወጣት ወይ ተአምር ወይ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው።

ሊቀመንበሩ ጓድ ጉልላት ይባላል። በፊት አስተማሪ ነበር ይባላል። ሲናገር ድምፁን አያነሣም፤ ይሄ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው። ከአንድ የቡና ነጋዴ የተወረሰች ጥቁር ሰማያዊ ኦፔል ነበረችው፣ ቆየት ያለች፣ ኒኬሏ እንኳ ያልደበዘዘ። ለከተማ የተሠራች መኪና ናት። እሱ ግን ወደ ደጋው፣ ወደ ገበሬ ማኅበሮቹ መመላለስ ስለጀመረ ድንጋዩ ሆዷን እየቀደደ አስቸገረው። ክረምቱ አጋማሽ ላይ ወደ ታምሩ ጋራዥ አመጣትና እንደ ላንድሮቨር ከፍ እንድትልለት ፈለገ። ታምሩ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ከሥር አያት፣ ወጣ፣ እጁን በቡትቶ ጠረገ፣ ከዚያ ስለ ታቢታ ጠየቀው። እኔ በቆርቆሮው ቀዳዳ አያለሁ።

«መኪናዋ ለአብዮት በዓል ትድረስልኝ» አለ ጉልላት። «ባለቤትህ በዚያ ሰሞን ቤቷ ናት።»

ታምሩ ያን ቃል ይዞ ወደ ሱቄ ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። ቃል ገባልኝ አለኝ። እኔም ይሄ ሰውዬ ለስንቱ ቃል እንደገባ ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሌላ ምን ተስፋ ነበረውና?

ሥራው መጀመሪያ ላይ ቀላል ይመስል ነበር። እንደገባኝ ላስረዳችሁ። የፊት ጎማዎቹን ተሸክሞ የሚይዝ አንድ ወፍራም የብረት አግዳሚ አለ፤ የመኪናዋ አካል እሱ ላይ ተቀምጦ በቡሎን ይታሰራል። ታምሩ ቡሎኖቹን ፈትቶ በአግዳሚውና በአካሉ መሀል ወፋፍራም የብረት ቁራጮች አስገባና በረጃጅም ቡሎን መልሶ አሰረው። ኋላ ደግሞ ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ የብረት ቅጠል ጨመረ። መኪናዋ ቀና አለች። ለፍተሻ ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጥረን አየን፤ ጎማዎቹ ከሲባጎው ጋር ልክ ናቸው። ታምሩ የደስ ደስ ሻይ አስመጣ። በዓሉ ገና ሩቅ ነበር።

ነዳጅ በኩፖን ስለሆነ መኪና ለሙከራ ማንቀሳቀስ ብርቅ ነበር። ያለችውን ትንሽ ቤንዚን ይዘን የዓሣ ገበያው ወዳለበት ወደ አሞራ ገደል አቅጣጫ ወጣን፤ እሱ ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። አስፋልቱ ላይ እንደ ሙሽራ ሄደች። ወደ ሐይቁ የሚወስደው አፈር መንገድ ላይ ገብተን የግራ ጎማዋ አንድ ጉድጓድ እንደነካ ግን መኪናዋ በራሷ ፈቃድ ወደ ጎን ዘለለች። ታምሩ መሪውን ቀጥ አድርጎ እንደያዘ ነው፤ እጁ አልተነቃነቀም፤ መኪናዋ ግን ዓሣ ጭኖ ወደሚመጣ ጋሪ ፊቷን አዞረች። ፈረሱ በሁለት እግሩ ቆመ። ባለጋሪው የተሳደበውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፣ ይገባን ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ያየሁት መከራ ነው። ታምሩ የፊቱን ክፍል በሙሉ ፈታው። የጎማ ኩሽኔታ ነው አለ፤ ቀየርን። የመሪው መገጣጠሚያ አልቆ ነው አለ፤ ሱቄን ገልብጬ ደህና አገኘሁለት፤ ቀየርን። ጎማ ከግራ ወደ ቀኝ አዘዋወረ። በየጊዜው ሲባጎ እንወጥራለን፣ በየጊዜው ልክ ነው፣ በየጊዜው ከጋራዡ በር ላይ ያለችው ጎርበጥ ያለች ቦታ ላይ ስትደርስ ትወላገዳለች። ምግብ መብላት አቆመ። ስንቅ ይዞ ሲሄድ እንኳ በመንገዱ ላይ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል። በዓሉ እየቀረበ ነው። እኔ ቀኑን መቁጠር ስለፈራሁ የግድግዳውን ካላንደር ገለበጥኩት።

ነገሩ የተፈታው በማይሆን ሰው ነው። ሽበሺ የሚባል ባለጋሪ ጎረቤት አለን፤ ፈረሱ የሚታዘንለት ዓይነት ግዙፍ ሰው ነው። አንድ እሁድ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለስ ለወሬ ገባና ሳይጠየቅ የኦፔሏ የፊት ፓራፋንጎ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ያን ጊዜ ተንበርክኬ የሲባጎውን ጫፍ ይዤ ነበር። ጎማው ከሲባጎው ሲርቅ በዓይኔ አየሁ። ሽበሺን እንዲነሣ ነገርኩት፤ ሲነሣ ጎማው ወደ ቦታው ተመለሰ። ተቀመጥ አልኩት፤ ራቀ።

ታምሩን ጠራሁት። ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ሲያይ ቆየ፣ ከዚያ ዘሎ ወጣና ወደ መንገዱ ሮጠ። ከስብሰባ የሚመለሰውን ሕዝብ እባካችሁ መኪና ላይ ተቀመጡልኝ እያለ መለመን ጀመረ። ሰዉ መጀመሪያ ተጠራጠረ፤ በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ለማንኛውም ጥሪ ይጠራጠር ነበር። በኋላ ግን ደስ ብሏቸው መጡ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያለ መፈክር የተጠየቁት ነገር ይሄ ሳይሆን አይቀርም። አንዱ ኮፈኑ ጫፍ ላይ፣ ሌላው ፓራፋንጎው ላይ፣ አሮጊቶቹ ወንበሩ ላይ እያሉ ሞሉት። ሰው በተጨመረ ቁጥር ሁለቱ የፊት ጎማዎች አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ እያስጠጉ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ሁሉም ሲወርዱ ቀጥ አሉ። ታምሩ ሳቀ። ታቢታ ከታሰረች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ስህተቱ የሁላችንም ልማድ ነው። ጎማ የሚስተካከለው ባዶ መኪና ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሲባጎ ወጥሮ ነው፤ በከተማው ያለ መካኒክ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ቆማ ልክ ከሆነች ልክ ናት ይባላል። መኪና ግን መንገድ ላይ ቆማ አትውልም፤ ትነጥራለች፣ ትጫናለች፣ ጎማዋ ይወጣል ይወርዳል። ጎማውን ከሥር ይዞ የሚያወዛውዝ አንድ ክንድ አለ፤ ጎማውን የሚያዞር ደግሞ ከመሪው ሳጥን የሚወጣ ዘንግ አለ። ድሮ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ እኩል ተጋድመው ስለነበር አብረው ይወጣሉ አብረው ይወርዳሉ። ታምሩ አካሉን ከፍ ሲያደርገው የመሪው ሳጥን የታሰረው ከአካሉ ጋር ስለሆነ አብሮ ከፍ አለ፤ ክንዱ ግን ከአግዳሚው ጋር በቦታው ቀረ። ስለዚህ ዘንጉ ወደ ጎማው አዘቀዘቀ። ጎማው ሲነጥር ሁለቱ በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ፤ ማጠፊያዎቹ ያልተገጣጠሙ በር ሲከፈት እንደሚታገለው ይታገላሉ፤ በትግሉ መሀል ዘንጉ ጎማውን ገፍቶ ያዞረዋል። ሹፌሩ መሪውን ቢይዝ ባይዝ ለውጥ የለውም።

ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ሁለታችን ዋርካው ሥር ተቀመጥን። እኔ ጊዜውን አሰብኩ። አሁን ይሄንን ለማስተካከል የመሪውን ሳጥን ማውረድ ያስፈልጋል፣ ሳጥኑ ሲወርድ ከላይ ከመሪው የሚመጣው ዘንግ አይገጥምም፣ መገጣጠሚያ ያስፈልጋል፣ መገጣጠሚያ ደግሞ በአገሩ የለም። ቆማ ግን ልክ ናት። አስፋልት ላይ ልክ ናት። የደጋው መንገድ ደግሞ በአንድ ወገን ገደል ነው።

ያሰብኩትን ነገርኩት። እንዳለች ስጠው አልኩት፤ ሲባጎ ወጥረህ ልክ መሆኗን አሳየው፣ ሚስትህን ውሰድ፣ የቀረውን ገደሉ ይጨርሰዋል። ይሄንን ስናገር አላፈርኩም፤ አሁንም አላፍርም። ስንት እናት የሚያለቅስበት ሰው ነው።

ታምሩ፣ ታቢታ ሳትወጣ ጉልላት ቢሞት ማን ይፈታታል ብሎ ጠየቀኝ። ከወጣች በኋላ ቢሆንስ አልኩት።

«ከወጣች በኋላም ቢሆን እትዬ፣ መሪዋን የነካሁት እኔ ነኝ» አለኝ። «እንደሚገድል እያወቅኩ ቁልፉን አልሰጥም።»

ተናደድኩ። በዚህ ዓለም ላይ ልባቸውን የሚያዩ ባልና ሚስት በእኔ ጎረቤት መሰብሰባቸው አስመረረኝ። ወደ ሱቄ ገብቼ በሩን ወረወርኩት። ከዚያ ግን ምን አደረግሁ? ከመንግሥት እርሻ የተጣለ የትራክተር አካል ጓሮዬ ውስጥ ነበረኝ፤ እሱ ላይ ክሮቼራ ትዝ አለኝ፣ ሁለት ዘንግ ታጥፎም ቢሆን አብሮ እንዲዞር የሚያደርገው መገጣጠሚያ። ዝገቱን በናፍጣ እያጠብኩ፣ እየተሳደብኩ ፈትቼ ወሰድኩለት። ደነገጠ፤ እጄን ሊስም ሞከረ።

እሱ በሚሠራበት ሰሞን ጉልላት አንድ ጊዜ ብቅ አለ። መኪናዋን ዞሮ አያት፣ ቁመቷን ወደዳት፣ አሁኑኑ ልውሰዳት አለ። ቁልፉ ላይ እጁን ዘርግቶ ነበር። ታምሩ በመሀል ገብቶ ገና ናት አለው፤ ጉድጓድ ላይ ትስታለች፣ ደጋ ከወጣህባት ትገድልሃለች አለው። ጉልላት ትከሻውን መታ መታ አድርጎት፣ እንዳንተ ያለ ሐቀኛ ሰው ለአብዮቱ ያስፈልጋል ብሎ ሄደ። እኔ ቆርቆሮውን በጥፍሬ ቧጠጥኩት።

ታምሩ ከአግዳሚው በላይ ካስገባቸው ጋር እኩል ውፍረት ያላቸው ቁራጮች ቆርጦ የመሪውን ሳጥን በእነሱ ልክ አወረደው። በሌላው ወገን ዘንጉን የሚደግፈውን ብረትም እንዲሁ አወረደ። ክሮቼራውን ገጠመ። መሪ ላይ ብየዳ አላምንም ብሎ ሁሉንም በቡሎን አሠረው፣ ቡሎኑ ሁሉ እንዳይላላ በሽቦ ቆለፈው። ሲጨርስ ዘንጎቹ ከክንዶቹ ጋር ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ሽበሺን ጠራን። ጎረቤቱን ሁሉ ጠራን። ሰዉ ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ታምሩ ዝለሉ ሲላቸው ሲዘሉ፣ እኔ ተንበርክኬ ሲባጎው ላይ አፍጥጬ ነበር። ጎማው ንቅንቅ አላለም።

በቀረችው ቤንዚን ሽበሺንና ሌሎች ጎረቤቶች ጭነን እንደገና ወደ አሞራ ገደል ወረድን። ታምሩ ጉድጓድ እየመረጠ ይገባል። መኪናዋ ትዋዥቃለች፣ ትነጥራለች፣ ፊቷን ግን አታዞርም። መሪውን በሁለት ጣቱ ነው የያዘው። ሐይቁ ዳር አቁሞ ራሱን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ሽበሺ አፍሮ ወርዶ ዓሣ አጥማጆቹ ጋር ወሬ ጀመረ። ታምሩ ቀና ሲል፣ ታቢታ ስትወጣ የምትወደውን የተጠበሰ ዓሣ እዚህ አምጥቼ አበላታለሁ አለኝ። ያን ጊዜ እኔም አመንኩ። ምን ላድርግ፣ ደስታው ተጋባብኝ።

ጉልላት በበዓሉ ዋዜማ መኪናዋን ወሰደ። በበዓሉ ቀን ሰልፉ ላይ በእሷ ሲያልፍ አየነው። ታምሩ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ቀበሌው በር ላይ ዋለ፤ ዛሬ በዓል ነው፣ ነገ ና አሉት።

በማግስቱ አብሬው ሄድኩ። የታቢታን ነጠላና ንጹሕ ቀሚስ በፌስታል ይዟል። በሩ ላይ ያለው ያ የካንዴላው ዘበኛ ነበር። ስለ ታቢታ ስንጠይቀው ዓይናችንን ሳያይ ትወጣለች፣ ጠብቁ አለን። ከአጥሩ ወጣ ብለን መንገዱ ዳር ቆምን። ክረምቱ የቀበሌውን መግቢያ ቦርቡሮት ትልልቅ ጉድጓድ ነው። ታምሩ ስለማያስችለው ይቀመጣል ይነሣል፤ ቀሚሱ መጨማደዱን ይጠይቀኛል። ቤት ውስጥ ውሃ አሙቆ መምጣቱን ነገረኝ።

በሩ ተከፈተና ኦፔሏ ወጣች። ሰው ሞልቷታል። ከፊት ሹፌርና ጉልላት፣ ከኋላ ሦስት ሰው። የግራ ጎማዋ ትልቁ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ አካሏ ወደቀ፣ ወዲያው ነጥራ ወጣች። የታምሩ ዓይን የሄደው ወደ ጎማው ነው። ይሄ አይገርመኝም፤ ልብስ ሰፊ ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ ስፌቱን ያያል። ጎንበስ ብሎ፣ ፌስታሉን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ጎማዎቹን ከሥር እያየ አብሯት ጥቂት ተራመደ። ጎማው ቀጥ እንዳለ ነው። ፊቱ በሙሉ ሳቀ።

እኔ ቀጥ ብዬ ስለቆምኩ መስኮቱን አየሁ። ከኋላ በሁለት ጠባቂዎች መሀል የተቀመጠችው ታቢታ ናት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ባሏን እያየች ነበር። እኔን አላየችኝም። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ለቅሶም አልነበረም። ግራ ተጋብታ ነበር። አፏን ልትከፍት ስትል አንደኛው ጠባቂ ራሷን ወደ ፊት መለሰው፤ መኪናዋም አለፈች።

ታምሩ ቀና አለ። «አዩዋት እትዬ? ሙሉ ሰው ጭና ምንም አልሳተችም» አለኝ።

እንዴት እንደነገርኩት አላስታውስም። ብቻ ስሟን ጠርቻለሁ መሰለኝ። ፌስታሉን ጥሎ ሮጠ። ኦፔሏ ዋናውን መንገድ ይዛ ወደ ሰሜን ታጥፋለች፤ እሱ ከኋላ ይሮጣል፤ ሰዉ ቆሞ ያያል። ሽበሺ በጋሪው ተከትሎ እስኪያነሣው ድረስ ሮጧል። እኔ ነጠላውንና ቀሚሱን ከጭቃ ውስጥ ለቀምኩ።

ወደ በላይ አካል ተላልፋለች ተባልን። የትኛው በላይ እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም። ታምሩ ጋራዡን ዘግቶ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ተንከራተተ፤ በየእስር ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ እዚህ የለችም ይሉታል፣ እዚያ ሂድ ይሉታል። ጉልላት ከእሷ ጋር በዚያው መንገድ ሄዶ ያለ እሷ ነው የተመለሰው። ሲጠየቅም ድምፁን ሳያነሣ፣ ጉዳዩ ከእጄ ወጥቷል አለ። ኦፔሏ ደጋ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ ሌሎችንም ስትጭን አይተናል። አንድ ቀን እንኳ ከመንገድ ስትወጣ አልሰማንም። ታቢታን ከዚያ ወዲህ ያየ ሰው የለም።

እኔ ብዙ ጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ። የኔን ምክር ሰምቶ ቢሆን ኖሮ እሷ የተቀመጠችባት መኪና ነበረች ከመንገድ ወጥታ የምትገለበጠው። ስለዚህ እሱ ልክ ነበር ማለት ነው? ልክ ሆኖስ ምን አገኘ? ተናድጄ ጀምሬ ተናድጄ እጨርሳለሁ።

ፍለጋው መክኖ የተመለሰ ሰሞን ታምሩ ወደ ሱቄ መጣ። ተረከዙ ቆስሎ ነበር። መደርደሪያውን እያየ፣ ፊቱን ሳያዞር ጠየቀኝ።

«ያን ቀን አየችኝ?»

መዋሸት የማልችል ሰው አይደለሁም፤ በየስብሰባው እዋሽ ነበር። እሱን ግን አልቻልኩም።

«አየችህ» አልኩት።

እጁን መደርደሪያው ላይ አሳረፈ። አንድ ዳዶ አንሥቶ አገላበጠውና መልሶ አስቀመጠው።

«ስስቅ?» አለኝ።

ያስቀመጠውን ዳዶ አንሥቼ በቀሚሴ ጫፍ ማበስ ጀመርኩ። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።